ውሃ የሞላሁት ጓንት

ሙሐረቅ፣ ሐሙስ ጧት፤ ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣
እዚህ ግን ቅዝቃዜው አጥንት ይሰረስራል።
ኡም ጋኒም ተኝተዋል፣ ቀኝ ጉልበታቸው ተከፍቶ፣
የሰባ ዓመት ስግደት የፈጨው አጥንት ብርሃን ላይ ወጥቶ።
ዶክተር ኩርየን መሮውን በመዶሻ ይመታል፤
ለማያውቅ ሰው ይሄ የአናጢ ቤት ይመስላል።
እኔ በስተግራው ቆሜ መሣሪያ አቀብላለሁ፤
ከላይ ነጭ፣ ከሥር አረንጓዴ፣ ሁለት ጓንት ደርቤያለሁ።
ሲሚንቶው ሊቦካ ነው፤ ከተቦካ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ድንጋይ፤
ማንም አያወራም፣ ሁሉም ዓይን ሰዓቱ ላይ።

ያኔ ነው ያየሁት።
በግራ እጄ፣ በጠቋሚ ጣቴ ጫፍ፣
የምስር ክክ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ።
አጥንት ይሁን ሽቦ የወጋኝ፣ መቼ እንደሁ አላውቅም፤
አላመመኝም። አልደማሁም።
ማንም አላየም።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታን እዚሁ ነው የተማርኩት፣
ሪፋ ውስጥ፣ በሰው ማድ ቤት፣ ቢጫ የላስቲክ ጓንት አጥልቄ በኖርኩት
ሁለት ዓመት። ብርጭቆ ሲሰበር ስብርባሪውን በመዳፌ ሸሽጌ፣
ደሙን ጓንቱ ውስጥ አፍኜ፣ «ምንም የለም፣ ማዳም» ብዬ ስቄ፣ መጥረጊያ ፈልጌ።
ያኔ ጓንቱ የሚከልለው እኔን ነበር፣ ከሰው ቤት እድፍ፤
ዛሬ ሰውን ነው፣ ከእኔ። ከላቤ፣ ከቆዳዬ፣ ከጣቴ ጫፍ።

ትናንት ማታ ስጎበኛቸው ኡም ጋኒም አውግተውኝ ነበር፤
አባታቸው ከባሕር ሉል ለቃሚ፣ ጣታቸው ላይ የቆዳ ሽፋን ያስሩ ነበር፣
ዛጎሉ እንዳይቆርጣቸው።
አንድ ቀን የተቀደደውን ሽፋን እንዳጠለቁ ወረዱ፤
የባሕር ቁስል ነው፣ አልሽር አለ። በጋው ሳያልቅ ሄዱ።
ይህን ሲሉኝ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

«ቀዳዳ» አልኩ።
ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ጓንቴ ተበስቷል፣ ዶክተር።»
መዶሻው አየር ላይ ቀረ።
በዓይኑ ብቻ (ሌላው ፊቱ ጭምብል ነው)
ሰዓቱን አየ፣ የሲሚንቶውን ሳህን አየ፣ እኔን አየ።
«ቀይሪ» አለ።
ከዚያ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ «የእኔንም እዩልኝ።»
አየንለት።
የእሱ ሁለት ነበር።

ሲያበቃ፣ ዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ሥር፣ ጓንቴን ውሃ ሞላሁት፤
እንዳልታለበች ላም ጡት አበጠ፤ በቀስታ ጨመቅሁት።
ከጠቋሚ ጣቱ እንደ ጸጉር የቀጠነች አንዲት ክር ወጣች፣
ሄዳ ግድግዳውን መታች።

ተሐዋሲ በር አያንኳኳም። ዓመት ጠብቁ ይላሉ፤
በየወሩ ኡም ጋኒም በከዘራ ይመጣሉ፣
ወንበር ላይ ቀሚሳቸውን ይሰበስቡልኛል፤
መዳፌን ጠባሳው ላይ አኖራለሁ፣
በባዶ እጄ፣
ትኩሳት ፍለጋ።
ዘጠነኛው ወር ላይ ነን።
አልሞቀም።