ደለል

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ስድስት ኪሎ ግቢ፣
ዝናብ ያስገባውም ተቆጥሮ አንባቢ፤
ገሚሱ ለፈተና፣ ገሚሱ ለመጠለል፣
በጫማው ተሸክሞ የሰፈሩን ደለል።

እኔ ከወንበሬ፣ ከውሰት መስኮቱ፣
መጽሐፍ ስቀበል፣ ቀን ሳትም ከፊቱ፣
አንዲት ልጅ መጣችና ቆመች በዝግታ፣
ከሻርፗ ጫፍ መዝገቤ ላይ ወርዳ ጠብታ።
"ይቅርታ" አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ፣
"የካርቱም መመረቂያ ጽሑፍ እናንተ ዘንድ አለ? እኛ…"
ቀሪውን ዋጠችው።

እኛ ዘንድ? አለ እንጂ።
ምድር ቤት፣ ከጄኔሬተሩ ክፍል ወዲያ፣
አምፖሉ ተቃጥሎ የከረመ አንድ መደርደሪያ።
ሁለት ቤተ መጻሕፍት፣ በደጉ ጊዜ ተዋውለው፣
"የልጆችሽን ላኪ፣ የልጆቼን ልላክ" ተባብለው፣
በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሲባጎ ታስሮ ሳጥን፣
ከነሱ ይመጣል፣ ከኛም ይሄዳል፣ መጠን በመጠን።

ጋሽ ሽመክት፣ ነፍሱን ይማር፣ መዝጋቢያችን ሳለ፣
ሳጥኑ በመጣ ቁጥር ጢሙን እያሻሸ፣ "አለ!
አሁንም አረብኛ! ማን ያንብበው? ለአይጥ ነው ቀለቡ"
ይላል፤ ግን አንዲት ገጽ አትቀርም ከመዝገቡ።
ከጎረቤቱ ከሐጂ ኑረዲን ፊደሉን ለምዶ ማታ ማታ፣
ለዚሁ ብቻ፤ ለማይመሰገንበት ውለታ።

የደራሲውን ስም ጠየቅኋት። ጻፈችልኝ የአባቷን ስም።
ኢጅላል ትባላለች። አባቷ በሕይወት የለም።
በወጣትነቱ ሰናር ግድብ ሥር ቆሞ፣
ጎርፉን በጠርሙስ እየቀዳ፣ ክረምት ሙሉ ደክሞ፣
ከኢትዮጵያ ደጋ ስንት አፈር እንደሚወርድ
መዝኖ ነበር፤ በቶን፣ በግራም፣ አንድ በአንድ።
አንዱ ቅጂ ከቤታቸው ነበር፣
አንዱ ከግቢያቸው፤ ሁለቱም አመድ ሆኑ በአንድ አዳር።

እሷም የያዘችው ያንኑ ነው፣ የውሃ ትምህርት፤
አስተማሪዋ ናይሮቢ፣ ጓደኞቿ ካይሮ፣ ፈተናዋ በኢንተርኔት፣
ክፍሏ አምስት ኪሎ፣ ከፎቅ ደረጃ ሥር የተከራየችው ቤት።

ወረድን፣ በስልክ መብራት። አቧራ። ሦስተኛው ረድፍ።
የጋሽ ሽመክት ቁጥር፣ ባለጅራቱ ሰባት፣ በሰማያዊ ጽሑፍ።
መዘዝኩት።
ርዕሱን አላነበበችም፤ መጀመሪያ አሸተተችው፤
ከዚያ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ጥግ፣
ሦስትን ወደ አራት የለወጠ የእርሳስ እርማት አገኘችው።
"እጁ ነው" አለች። በአረብኛ። ገባኝ።

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤
አፈራችን ሄዶ ቀረ ብለን እናማርራለን፤
ማን ያውቃል፣ ሄዶ ሄዶ፣ ተመዝኖ፣ ተጽፎ፣
በሳጥን ተመልሶ ከምድር ቤታችን እንዳለ አርፎ?

እስካነሩ አርጅቷል፤ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ፤
ገጹ መቶ አሥራ ሁለት፤ ስልሳው ላይ መብራት ሄደ በቃ።
ጠበቅን። ዳቦ ተካፈልን። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ቀጠልን።
ናይሮቢ ላክን፣ ካይሮ ላክን፣ ስዊድን ላለ አንድ ቤተ መጻሕፍትም አከልን፤
አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር መጨረሻውን አይተናላ።

ከዚያ ዋናውን፣ ወረቀቱን፣ ለአንድ ሌሊት ለመነችኝ።
ደንቡ አይፈቅድም። የልውውጥ ጽሑፍ ከግቢ አይወጣም። አየችኝ።
ቅጹን አወጣሁ። ስም፦ ኢጅላል። አድራሻ፦ አምስት ኪሎ።
ዋስ፦ እኔ፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ ምን እንዳይሆን ብሎ።
የሚመለስበት ቀን የሚለው ጋ ስደርስ ማኅተሙን አነሳሁ፤
ዝናቡ አባርቷል። ጫማዎች እየወጡ ነው። ቀኑን ረሳሁ።