የሰፈሩ ማተብ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰንበት ሳይደርስ ገና፣
ፋይቪሽ ይመጣል በሀችሰን ጎዳና፣
አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣
ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ዓይኑን ዘርግቶ።
የሚፈልገው ክር ነው፤ የዓሣ አጥማጅ ዓይነት ክር፣
ፀሐይ ካልመታችው በቀር
እኔም የማላየው፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኜ፣
በማዘጋጃ ቤቱ ካፖርት ተጀቡኜ።
ውሉ እንዲህ ነው፦ ክሩ የነሱ፣ መሰላሉ የከተማው።

«ኤሩቭ» ይሉታል። በሰንበት ሸክም አይወጣም፤
መሐረብ እንኳ በኪስ ደጅ አይሻገርም።
ሰፈሩን ክር ከከበበው ግን ሕጉ ይላላል፣
መንደሩ በሙሉ አንድ ግቢ ይባላል፤
ሕፃን ይታቀፋል፣ ጋሪ ይገፋል፣
እግሩ የከዳው ሰው በወንበሩ ደጁን ያልፋል።

በኅዳር አንድ ማታ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ፤
አጀንዳ ሰባት፦ ክሩ። ሰው በሰው ላይ ተደረበ።
እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ማሞቂያው ተበላሽቶ
ላበጀው ተልኬ፣ እጄ ብሎን ላይ፣ ጆሮዬ እዚያ ቀርቶ።

አንዱ ተነሣ፦ «አየሩ የሁላችን ነው፤
ሰማዩን ለአንድ ሃይማኖት ማን ነው የሸነሸነው?»
ሌላው፦ «ለወፍ ያልከበደ ለኛ ምን ከበደን?
በረዶ ሳንጠርግ ከርመን ክር ነው ያናደደን?»
አንዲት ሴት፦ «ዛሬ ክር፣ ነገ አጥር ነው» አለች፤
እጇ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቷን አጠፈች።
አንዱ ደግሞ የሩቅ ጦርነት አነሣ፣
የሩቅ አገር ባንዲራ፣ የሩቅ አገር ሬሳ።
ፋይቪሽ ከሦስተኛው ረድፍ ቀና ብሎ፣
ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አውሎ፣
«እኔ የመጣሁት» አለ፣ «ስለ ሕፃን ጋሪ ነበር።»

ከዚያ ዲቦራ ዛይድማን። ከፋይቪሽ ወገን ናት፤
ምኩራብ የምትረግጠው በዓመት አንድ ዕለት።
«አያቴ» አለች፣ «ቅጥር ውስጥ ነው የተወለደው፤
በሩን ከውጭ በኩል ሌላ ሰው የቆለፈው።
እዚህ የመጣነው ቅጥር እንዳይኖር ነበር፤
አሁን የልጅ ልጁ በገዛ እጇ ታጥር?»
«አልደግፍም» ብላ እጇን አነሣች፤
ፋይቪሽን ግን አላየችውም፤ ዓይኗን ሰበረች።

አምስት ለአራት። ክሩ በአንድ ድምፅ ተረፈ።
ሌሊቱ ተጋመሰ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ አለፈ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቼ ነበር፤
አንዲት ድር ብቻዋን ምክር ቤት ስታሳድር
ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

እኔም ክር አለኝ፤ ጥቁር፣ አንገቴ ላይ፣
የአርባ ቀን ልጅ ሳለሁ የታሰረ።
አለቃዬ ዣን-ጊ መመሪያ አንብቦልኛል፦
«የእምነት ምልክት በሥራ ሰዓት አይታይም» ብሎኛል።
ቁልፌን እስከ ጉሮሮዬ እቆልፋለሁ፤
ክር ደብቄ ክር እሰቅላለሁ።

አንድ ሐሙስ ስወርድ ፋይቪሽ ድንገት አየው፤
ከአንገትጌዬ ወጥቶ። «ይሄስ ምንድን ነው?»
«ይሄም ኤሩቭ ነው» አልኩት፤ «የአንድ ሰው ሰፈር።»
ሳቀ፣ ጢሙ ላይ ያለው ውርጭ እስኪሰበር።

በየካቲት ዝናቡ ወርዶ ሳይጨርስ በረዶ ሆነ፤
ዛፉ፣ ምሰሶው፣ ሽቦው ብርጭቆ ተከደነ።
ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ክሩ ሁለት ቦታ ተበጠሰ።
ዣን-ጊ «ለክር ትርፍ ሰዓት አልከፍልም» አለ፤
እኔም ሒሳብ አልጠየቅኩም። ፋይቪሽ መሰላሉን ያዘ፣
ጣቴ ቋጠሮው ላይ ደነዘዘ፣
ጀንበር ከጣሪያው በታች ስትል ጨረስን።
አልተጨባበጥንም፤ ሰንበት ነበር የቀደመን።

በማግሥቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ
ዲቦራን አየኋት፤ ከጥጉ ብቅ ስትል፣
አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር ስትገፋ፣
የጸሎት ሻርፑ ጉልበቱ ላይ ተጣጥፎ።
ምሰሶው ሥር ስትደርስ ቆመች፤
የጓንቷን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ወደ ላይ ቀና አለች።
ደመና ነበር። ክሩ በደመና አይታይም።
እኔም፣ ከማዶ ቆሜ፣ ይኸውልሽ አላልኳትም።