ከምዕራፍ አራት የወጣ

አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩበት፣
«ይህ ጫጫታ ነው፤ ይውጣ» ብለው ጻፉበት።
ልክ ናቸው። አወጣሁት።
ጥዬው ግን አልሄድኩም፤ እዚህ አስቀመጥኩት።

ስጀምር ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤
የመዝገብ ቤቱ ሹም ማኅተሙን አንጠልጥሎ ጠየቀኝ፦
«ወደብ የለን፣ መርከብ የለን፤ የምን የመርከብ ጩኸት?»
«ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር ይውረዱና ይቁጠሩ፤ ሰማንያ ሞተር አለበት።
ለቆሮሶ
የላንቃሞም ጀልባ መርከብ ናት።»

ላንቃሞ ባራሳ ብቻ አልሳቀም፤
የቀን ሒሳቡን ነገረኝ፣ ሳንቲም አልቀነሰም።

ጎህ ሳይቀድ፣ ከአሞራ ገደል በታች፣
አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረታ የወጡ ዳኞች
ትከሻቸውን ሰብረው የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ፣
ጀልባዋን ገፋናት፤ ታቦርና ጭጋጉ ከኋላችን ራቁ።

መሐል ላይ «አጥፋው» አልኩት። ሞተሩ ሁለቴ ስሎ ተኛ።
ገመዱን ለቀቅኩ፤ ጫፉ ላይ ጆሮ አለች፣ አንዲት ብቸኛ፣
ሎሚ የምታክል፣ ጥቁር ጎማ የለበሰች፤
ሰባት ሜትር ቁልቁል ወረደች።
ማዳመጫውን ሰጠሁት። ኮፍያውን አወለቀ።
ቆየ። መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ፣
ቀጥሎ መንጋጋው ራሱን ረስቶ ተላቀቀ።

«ይሄ ማነው የሚያንጎራጉር?»
«ወንዱ ቆሮሶ ነው። አሸዋው ላይ ጎጆ ሲቆፍር
ሚስት ይጠራል።»
ላንቃሞ ውሃውን አየ፤
«ሃያ ሁለት ዓመት፣» አለ፣ «ሳሰግር፣ ስሸጥ፣ ስጠብስ፣
አንድ ቀን እንኳ አፍ ያለው አልመሰለኝ።»

ወዲያው ከፍቅር ሐይቅ በኩል የሽርሽር ጀልባ ተነሣች፤
ለዓይን ገና ጉንዳን ሳለች
ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ ጣለ።
«ማነው ይሄ?» «የአጎትህ ልጅ።» «እኔስ?» አለ።
«አንተ ትብሳለህ።»

ብረቱ አይደለም የሚጮኸው፤ አረፋው ነው።
ምላጩ ውሃውን ሲቀድ ከጀርባው ባዶ ይወልዳል፣
ባዶው ይፈነዳል፣ ሌላው ይወለዳል፣ ይፈነዳል፤
ዓሣው ሚስቱን ይጠራል፣ ሚስት አትሰማም።
ባዶ ነገር ይጮኻል የሚባለው
ለካ ፊዚክስ ነው።

ምላጩን ቀየርኩለት። ሰፊ፣ ጫፉ የተጠማዘዘ፣
ብረት ቤቱ ሦስቴ አበላሽቶት በአራተኛው መልክ የያዘ።
አሥራ አንድ ዴሲቤል ቀነሰ!
ዘለልኩ። ሰንጠረዤ አማረ፤ ቤንዚኑም አነሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ላንቃሞ ደወለ።
«ዶክተር፣» (ገና ነኝ) «አንድ ነገር ጎደለ።»

ልጁ ሩሐማ፣ የስምንት ዓመቷ፣
ከሰማንያው ሞተር መሐል ለይታ የአባቷን፣
ጀልባዋ ከጉማሬው ሸምበቆ ሳትወጣ
«አባ መጣ!» ብላ፣ ፌስታሏን ይዛ
ቁልቁል ትሮጥ ነበር፣ የድርሻዋን ልትመርጥ።
አሁን ማንም አይወርድም። ገመዱን ብቻውን ያስራል።
«ቤት ስገባ ደንግጣ ነው የምታየኝ፣
እንደ እንግዳ።»

«የድሮውን ልመልስልህ?» አልኩት፣
ሰንጠረዤን እያሰብኩ፣
እምቢ እንዲል በልቤ እየጸለይኩ።
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ውሃው ዳሩን ሲልስ ይሰማኛል።
«አይ፣» አለ። «እነሱም ልጅ አላቸው።»

ዘጠነኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤
ዳር ላይ የተከልኳት ጆሮ ሦስት ምት ቀዳች፤
እንጨት በእንጨት፣ መቅዘፊያ በጀልባ ጎድን፦
ጓ። ጓ።
ጓ።
ሞተር ያልሆነ፣ ዓሣም ያልሆነ፣
የትኛውም ዓምድ የማይቀበለው፣
አማካዩን የሚያዛባ። ልክ ናቸው፤ ጫጫታ ነው።

ከሦስተኛው ምት በኋላ አርባ ሰከንድ ምንም የለም።
ከዚያ፣ በጣም ቀጥኖ፣ ቁርጭምጭሚት ከማያልፈው ውሃ፣
ትንንሽ እግሮች
ሲያንቦጫርቁ።