ፊት የሌላት

በቾንግቺንግ ከተማ፣ ጭጋግ በዋጠው ፎቅ፣
የጨዋታ ሳንቲም እሸጣለሁ፣ ሌቱ እስኪጠናቀቅ።
እዚህ ሜዳ የለም፤ ደረጃ ነው ሁሉ፣
ሰዎች አሥረኛ ፎቅ ወጥተው መንገድ ያገኛሉ።

ጥግ ላይ ያለው ማሽን፣ የጭፈራው ጌታ፣
ሲብለጨለጭ ያመሻል፣ ማታ በየማታ።
ዘፈኑ የልጅ ነው፣ ቁም ነገር አያውቅም፤
ስለ ጂያውዚ ነው፣ ሥጋ ስላዘለች ሊጥ፤ መበላት አትወድም።
ተቀቅላ ወጥታ ከሚፍለቀለቅ ድስት ውስጥ፣
በሁለት እንጨት መሐል ትላለች ሸርተት፣ ምልጥ።
«ያዘኝ እንጂ፣ ያዘኝ! ኮምጣጤው ሳይደርቅ!»
ትላለች ዘፋኟ፣ ድምጿን እንደ ጫጩት አቅጥና ስትስቅ።

ጭፈራውም ያው ነው፦ ሁለት ጣት ቀስሮ
ቀኝ ነከስ፣ ግራ ነከስ፣ አየሩን ቆንጥሮ፤
ጉንጭን እንደ ሊጥ ነፍቶ፣ ቁጢጥ ብሎ መደበቅ፤
ከዚያ ዳሌን ዞር፣ ዞር፤ ከዚያ ብድግ፣ ፍንድቅ።
ስክሪኑ ላይ ሆና የምትመራው ልጅ ፊቷ ወተት ነው፣ ባዶ፤
ቢጫ ጓንት በአንድ እጇ፣ ሌላው እጇ ባዶ።
አረንጓዴ ፀጉር አላት፤ አፍና ዓይን የላትም፤
ሰው ትሁን ሥዕል ትሁን፣ እኔ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል አንድ ሰው፣
ሙ ቻንግሼንግ ይሉታል፤ ሸክም ነው ሥራው፤
ከወንዙ ዳር ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ፣
በቀርከሃ ዘንግ ያወጣል ፍራሽ፣ ብርቱካን፣ ማቀዝቀዣ።
ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዘንጉን ግድግዳ አስደግፎ
ሁለት ሳንቲም ይገዛል፣ ያንገቱን ፎጣ አጥፎ።

ከዚያ ይጨፍራል፤ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣
ቁም ሣጥን ሲደንስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?
ቀኝ ሲሉት ወደ ግራ፣ ቁጭ ሲሉት ብድግ፤
«ሳትክ!» ይላል ማሽኑ፣ ቀይ መብራት ሲያንቦግቦግ።
የትምህርት ቤት ልጆች ስልክ ደግነው ይከቡታል፣
ሳቃቸው ከዘፈኑ በልጦ ይሰማል።

ግን አንድ ቦታ አለ፣ ጂያውዚዋ ስታመልጥ፤
ግራ ትከሻ ዝቅ፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ምልጥ፤
ልጆቹ ሁሉ የሚስቱት፣ እኔም ስንቴ የሳትኩት።
እዚያ ላይ ሲደርስ
«ፍጹም!» ይላል ማሽኑ። ወርቅ ይዘንባል ስክሪኑ ላይ።
ሁሌ። አንድም ቀን ሳይስት።

አንድ ማታ ጠየቅሁት፤ አዳራሹ ባዶ ነበር፣
ዝናብ መስኮቱን ሲመታ፣ ባቡሩ በሕንፃው ሆድ ሲያልፍ ከሥር።
«አጎቴ፣ ሌላውን ሁሉ ስተህ ይህችን እንዴት ያዝካት?»
ውሃ ጠጣ። ክዳኑን አጠበቀው። እንደገና ፈታው።
«ልጄ ናት» አለኝ።
«ማን?»
«ፊት የሌላት።»

«ሻንጋይ ውስጥ ቀረጿት፤ ጓንት አጥልቃ ጨፈረች፣
ከዚያ በኮምፒዩተር ፊቷን አጠቡት፣ ጠፋች።
ሊንግፌይ ነው ስሟ፤ እሱንም አልጻፉትም።
‹አባባ፣ ፈልገኝ› አለች እንጂ የቷ እንደሆነች አልነገረችኝም።
ከሠላሳ ዘፈን መሐል ፈልጌ አገኘኋት፤
በምን? በዚህች ትከሻ፤ ከእኔ ነው የወሰደቻት።
ትንሽ ሳለች ከኋላዬ ስትወጣ ደረጃውን፣
የመጥረጊያ እንጨት ተሸክማ ትቀዳ ነበር አረማመዴን፤
እርጥብ ድንጋይ ሲያዳልጠኝ፣ ጭነት ሲያጋድልብኝ፣
እንዲህ ሸብረክ፣ እንዲህ ምልጥ፤ እሷ ስትስቅብኝ።
ወገቤን ይቆርጠኝ ነበር። ሳቋ ግን ደስ ይለኝ።»

ውጤቱ ሁለት ኮከብ። ስክሪኑን ቀና ብሎም አላየው።
ዘንጉን አነሣ፣ ደረጃውን ወረደ፤ ምንም ሳይሸከም
ግራ ትከሻው ዝቅ እንዳለ።

በሩን ዘጋሁ። ወለል መወልወያውን ትከሻዬ ላይ ጫንኩ፤
ማንም የለም ብዬ አንድ ሳንቲም ከተትኩ።
ሸብረክ። ምልጥ።
«ጥሩ» አለኝ ማሽኑ።
«ፍጹም» አላለኝም።