በግራ ጎድን ሥር

ልብን ለፍቅር ዳርን፣ ሐሞትን ለጀግና፣
አንጀትም ድርሻ አለው፣ ይላወሳልና፤
ምሥጢር ሲከብደን «ሆድ ይፍጀው» አልንና
ለሆድም ማዕረግ ሰጠን።
ጣፊያ ግን ተረሳች፣ ያለ ተረት ቀረች፣
በግራ ጎድን ሥር፣ ጨለማ ላይ ኖረች።

መጠኗ የጡጫ፣ መልኳ የወይን ጠጅ፣
ደም የምታጣራ ዘብ፣ ቆማ ከውስጥ ደጅ፤
ያረጀውን ይዛ፣ ደህናውን «እለፍ» ባይ፣
ሌት ተቀን ትጉህ ናት፣ ባለቤቷ ሳያይ።
ሽፋኗ ግን ስስ ነው፣ የሽንኩርት ልጣጭ፤
ብትቀደድ አትጮህ፣ ዝም ብላ ደም አመንጭ።

አት-ባሺ ላይ ነበር፣ በረዶው ቀልጦ አልቆ፣
ሜዳው ጭቃ ለብሶ፣ አጥሩ በሰው ተጨናንቆ፤
ጉግስ አይሉት ትግል፣ የኪርጊዝ ጨዋታ፣
ፈረስ በደረቱ ፈረስ ሲያንገላታ።
ኮክ-ቦሩ ይሉታል፤ በድን ፍየል ነጥቆ
ከጎሉ ጉድጓድ መጣል፣ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ።
ሳፓርቤክ ሊያነሳው ከኮርቻው ሲያዘቀዝቅ፣
የማክሳት ጉልበት መጣ፣ መዶሻ እንደሚወድቅ፣
ግራ ጎኑን አገኘው።
ማክሳት፣ የሚስቱ ወንድም፣ የቡሩልካን ታናሽ፣
በሠርጋቸው ዕለት ሙሽሪትን አድራሽ።

«ምን ሆንክ?» ሲሉት ሳቀ። «ምንም፣ ጭቃ ነካኝ።»
እንዴት ይበል እሱ፣ «አማቼ ነው የወጋኝ»?
ሚስት ከወንድሟ ጋር ትጣላ? ቤት ይረበሽ?
ሆድ ይፍጀው አለና ጫማውን አወለቀ።
ሆዱም ፈጀው፣ በእውነት፤
ጠብታ በጠብታ ደሙን ውጦ ደበቀ።

እሑድ እንዲያ አለፈ። ሰኞ ምግብ ዘጋው።
ማክሰኞ ሲመሽ ግን ትከሻውን ወጋው፣
የግራውን፣ ጫፉ ላይ፣ ማንም ያልመታውን።
ቡሩልካን የበግ ላት አቅልጣ አሸችው፣
«ብርድ ነው» አለችና በሱፍ ጠቀለለችው።
ምን ታድርግ፣ አላወቀች፤
አፍ ያልተሰጣት ጣፊያ ልትናገር ስትሻ
አንደበት ትዋሳለች፣ ከላይ፣ ከትከሻ።

ሊነሳ ሲሞክር ግድግዳው ዞረበት፣
ከንፈሩ ነጣና ቀዝቃዛ ላብ ወጣበት፣
«ውኃ፣ ውኃ» አለ፤ ልቡ እንደ ወፍ ልብ ፈጠነበት።
በማክሳት አሮጌ መኪና፣ በዚያው ሌሊት፣
ወደ ናሪን በረሩ፣ አቀበቱን፣ ቁልቁለት።

ሐኪሟ ዚያፓት ሆዱን በጣቷ ዳሰሰች፣
እንደ ከበሮ ተወጥሯል። «ማነው የመታህ?» አለች።
«ወደቅሁ።»
«መቼ?»
«እንጃ።»
ከበሩ ሥር ማክሳት፣ ኮፍያውን ጨብጦ፣
«እኔ ነኝ» አለ ድንገት፣ ድምፁ ተቆራርጦ፣
«እሑድ፣ ስድስት ሰዓት፣ በጉልበቴ፣ እዚህ ጋ»፤
የገዛ ጎኑን ያዘ።
ሐኪሟ መሣሪያዋን ከጎድኑ ሥር አዋለች፣
ስክሪኑ ላይ ጥቁር ኩሬ አየች።

ከዚያ መብራት፣ ቢላ፣ የማያውቁት ሰው ደም በከረጢት።
«ትንሽ ብትሰነጠቅ አስተኝቼ በጠበቅኳት፣
ብዙዎቹ እንዲያ ይድናሉ» አለች ኋላ ዚያፓት፤
«ያንተዋ ግን እርጥብ ወረቀት፣ ክር የማይዝላት፤
አወጣኋት። ያለ እሷም ይኖራል፣ ሰው ነህና፤
ግን ዘብ የሌለው ደጅ ነህ። ክትባትህን ውሰድ።
ትኩሳት ከነካህ ሌሊት ነው አትበል፣ ና።»

ቡሩልካን ወንድሟን አንድ ወር ዘጋችው።
አንድ ቀን ሻይ ቀድታ፣ ምንም ሳትል፣ አቀበለችው።

ዐርብ ዐርብ ይመጣል ማክሳት፣ ጫማውን ከበር ያወልቃል።
«ይቅርታ» የሚል ቃል እስካሁን ካፉ አልወጣም፤
ከደረት ኪሱ ግን ቴርሞሜትር ይመዛል፣
«ብብትህን ክፈት» ይላል።
ሳፓርቤክም ይከፍታል።
ያን ሦስት ደቂቃ አያወሩም፣
የጎረቤት ፈረስ ሲያናፋ ይሰማሉ፣
ጎን ለጎን ተቀምጠው።