መቀነት አልበላ አለ

ሰኔ ገብቶ ዘነበ፤ ኮዬ ፈጬ ጨቀየ፣
እባቤ መቀነት ከምግብ ተለየ።
አይጧን አቀረብኩለት፤ ምላሱን ብቅ አደረገ፣
አየሩን ቀመሰና ጥጉን ፈለገ።
እንደ ይሉኝተኛ እንግዳ፣ "በልቼ ነው የመጣሁ" ብሎ፣
ራሱን ከጥምጥሙ ሥር ቀበረው ጠቅልሎ።

አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ነው ከሞጆ ያመጣው፣
የእርሳስ ያህል ነበር ከአካፋ ሥር ሳወጣው።
ሠራተኛው ሁሉ ድንጋይ አነሣ፣
"እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል" የሚለውን አወሳ።
ሽቦ ለምጄ ነው መሰል እጄ አልፈራውም፤
የኤሌክትሪክ ሠራተኛን ገመድ እንጂ እባብ አይነዝረውም።

ሐምሌ። ጨለማ። መብራት በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣
የሚያሞቀው አምፖል ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል።
ሃይላንድ በፍል ውሃ ሞልቼ፣ ካልሲ አልብሼ፣
ጎኑ አስተኝለታለሁ፤ ሲቀዘቅዝ እለውጣለሁ መልሼ።
በየሁለት ሳምንቱ በስኳር ከረጢት ይዤው እወርዳለሁ፣
የሸምሱ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ።
"ምንድን ነው?"
"ገመድ።"
"ገመድ በኪሎ የሚሸጠው የት ነው?
ስድስት መቶ ሠላሳ። ካለፈው አሥር ጎድሏል። ሻጭህ ሌባ ነው።"

አሥር ግራም በወር ሙሉ! እኔ በአንድ ሌሊት ትካዜ
ከዚህ የበለጠ ከስቻለሁ ስንት ጊዜ።

ከጎን ቤት ሌንሳ ትመጣለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣
በሩን ሳልከፍተው ገና፣ ጥያቄዋ "በላ?" ነው።
እናቷ አያንቱ ከኋላ፣ ሳህን ይዛ፣ ማንኪያ ይዛ፣
"እሷም አልበላ ብላኛለች" ትላለች ተክዛ፤
"አንተ እባብ ትለምናለህ፣ እኔ የወለድኩትን፤
እስቲ ማናችን እንደምንቀድም እንይ፣ አፍ ማስከፈቱን።"

የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ አስካለ፣
"ይህ አውሬ ከመሐላችን ይውጣ" ብላ ማመልከቻ የጻፈች፣
ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረጃ ላይ አገኘችኝ፤
ሁለት ወር እህል እንዳልቀመሰ ስትሰማ ዝም አለች።
ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ለማን ብሎ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ምን ልበላት?
ለማንም አይደለም። ብርድ ሲገባ ሥጋው ራሱ በሩን ይዘጋል፤
ሆዱ የማያሞቀውን አይውጥም፤ ፀሐይ እስክትመጣ ያደባል።
እኛ ነን ጥጋብን ከፍቅር ጋር ያጋባነው፣
ሌላ ቃል ሲጠፋን "ብላ" እያልን የምንናገረው።

አይጧ ከሱ ጋር አታድርም፤ ጥርስ አላት፣
እሱ ካልበላት እሷ ትበላዋለች፣ ሲመሽ ረኃብ ሲጠናባት።
ስለዚህ በፓስታ ካርቶን ወደ ሌንሳ ቤት ተሰደደች፣
"ጂርቢ" ተባለች እዚያ፤ በነጭነቷ ጥጥ ሆነች።
አንድ ጉርሻ ለጂርቢ፣ አንድ ጉርሻ ለሌንሳ፣
ሳህኑ ባዶውን ቀረ፤ አያንቱ ማንኪያዋን ረሳች፣ እጇ ላይ እንዳለ፣ ሳታነሣ።

መስከረም አሥራ ሁለት።
ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች።
ቆዳውን ጥሎ አገኘሁት፤ ከራስ እስከ ጅራት ሳይበጠስ፣
እንደ ወለቀ ካልሲ።
ማታ ከገበያ ያመጣኋት አይጥ፣ ስም ያልወጣላት፣
ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የለችም።
ጮክ ብዬ ልስቅ ስል በሩ ተንኳኳ።

ሌንሳ።
ካርቶኗን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃለች።
እንደ ዱሮው "በላ?" አላለችም።
የመቀነትን ወገብ አየች፣ እብጠቱን፤
ከዚያ ካርቶኑን፤
ከዚያ ፊቴን።

"አልበላም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ትልቅ ሰው የሰው ውሸት ተቀብሎ እንደሚሸኝ፤
"ግዴለም፣ አልራበው ይሆናል" አለችኝ።
ገባች።
ቁልፉ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ።