የመስኮቱ ጎሽ

ሊፍቱ ሳንቲም ካልጎረሰ ንቅንቅ አይልም፤ እምቢ አለ።
ሰባት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፣ ትንፋሼ እየተንጠለጠለ።
ግልዳኒ፣ የትብሊሲ ዳር፤ ሕንፃ ከሕንፃ ሲተሻሽ፣
ከዚህ ሁሉ ሲሚንቶ መሀል፣ እኔ የምፈልገው አንድ ጎሽ።

በቤተ መዛግብቱ ደብተር፣ በደበዘዘ ቀለም፣
አንዲት መስመር ነበረች፦ «ጎሹ፤ ያላለቀ የካርቱን ፊልም።
ሠዓሊ፣ ጺያላ።» ከዚያ ወዲያ ምንም።

በሩን ከፈተች። ወገቧ ቀጥ ያለ፣ ዕድሜዋ ሰማንያን ያለፈ፣
የሟች ባሏን ሹራብ ለብሳ፣ ክርኑ በቀይ ክር የተጣፈ።
«ስምህ ማነው?» «ቤዣን።» «ጫማህን አታውልቅ ቤዣን፣ በረዶ ነው ወለሉ።
የፊልም ሰዎች ከሆኑ የምትፈልገው፣ ሞተው አልቀዋል ሁሉ።»

ሻይ ልታፈላ ገባች።
ወደ በረንዳው ዞርኩ፤ የቲማቲም ችግኝ በየቆርቆሮው፣
ፀሐይ እየጠባ፣ ተደርድሮ ነው።
መስኮቱ መስታወት የለውም። በመስታወቱ ፈንታ፣
በሚስማር የተመታ
ሴሉሎይድ፣ አርባ አንድ ገጽ፤ በእያንዳንዱ ላይ ጎሽ፣
ቀንዱ ወደ ኋላ የተኛ፣ ዓይኑ ከውሃ የሚሸሽ።

«የጨለማው ክረምት ጊዜ ነው» አለች፣ ትሪውን አስቀምጣ፤
«ስቱዲዮው ተዘጋ። መብራት የለ፤ ዳቦ በሌሊት ሰልፍ ሲመጣ።
መስኮቱን ጥይት አረገፈው፤ አማቴ ታስላለች፣ ብርዱ ይገርፋል፤
ባሌ ‹ሥዕሎችሽን እንማግዳቸው› ይላል።
እንዴት ብዬ ልማግደው?
ጎሹ ገና አልተሻገረም፤ ቆሞ ነው የተውነው።»

ታሪኩ አጭር ነው። መንጋው ተሻግሮ ከማዶ ሣር ሲግጥ፣
አንድ ጎሽ ዳር ላይ ይቀራል፣ ውሃ ፈርቶ፣ ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጥ።
አሥራ ሁለት ሥዕል ለአንድ ሰከንድ፤ ለአንድ እርምጃ አንድ ሳምንት።
ሁለት እጇን በጠረጴዛው ላይ አራመደች፣ በዝግታ፣ እንደ ከባድ ፍጥረት።

«ከሞስኮ የመጣ ሹም አየውና፦ ‹ጎሹ ለምን ይፈራል?
የእኛ ጎሽ ደፋር ነው፤ ፈሪ ከብት ለሕዝብ ምን ያስተምራል?›
ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ። ሲፈታ፣
ሹሙም የለ፣ አገሩም የለ፤
ወንዙና ጎሹ ብቻ ቀሩ፣ በነበሩበት ቦታ።»

እኔ ያደግሁት በባዕድ ዳክዬና አይጥ ነው፣ በተተረጎመ ቀልድ ስስቅ፤
የራሴ ጎሽ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ርቆ፣ ፀሐይ እንደሚመታው ሳላውቅ።

በስልኬ አነሣኋቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ፤
ከዚያ አስኬድኳቸው፤ አራት ሰከንድ የማይሞላ መንገድ።
ጎሹ ሄደ!
ፀሐይ የበዛበት ገጽ ላይ ሲደርስ፣ ቀለሙ ነጥቶ እንደ ጭስ ሳሳ፤
ጥላው ጋ ሲደርስ ጠቆረ፣ ገዘፈ፣ ተነሣ።
የቲማቲም ቅጠል ጥላ ሳይጠራ ገብቶ፣ በጀርባው ላይ ተራመደ።
እስከ ጉልበቱ ውሃ ገባ። ቆመ።
እኔ እንባ ስጠብቅ፣ እሷ መነጽሯን ወለወለች።
«የኋላ ግራ እግሩ ተሳስቷል። ያኔም ለኦቲያ ነግሬዋለሁ፤
እሱ ግን አልሰማም። ነፍሱን ይማርና፣ አሁንም እናደዳለሁ።»

«አሁንስ፣ ፊልም የሚሠራ አለ?»
ስለ ፒክሪያ ነገርኳት፤ በችያቱራ ሰማይ፣ በአሮጌው የአየር ገመድ፣
በተውሶ ካሜራ እናቷን እንዴት እንደቀረጸች፣ ወደ ማንጋኒዙ ጉድጓድ ስትሄድ፤
በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በአንሶላ ላይ ስታሳይ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው እንደ መጣ፣
አንዱ ከመሀል እንደ ወጣ።
ጺያላ ብርጭቆዋን በጣቷ አዞረች።
«ለመሆኑ መስኮቷ ደህና ነው?» አለች።

ሥዕሎቹን ልውሰድ ብላት፣ «ቲማቲሙ ይድረስ፤ በነሐሴ ና» አለችኝ።
በቀይ ክሯ ለካሁ፣ ርዝመቱን፣ ወርዱን፤ ክሩን ቋጥራ ሰጠችኝ።
ደረጃውን ወረድኩ።
ጎሹ ዛሬም ውሃ ውስጥ ነው፣ እስከ ጉልበቱ።
በነሐሴ እመጣለሁ፣ መስታወት ተሸክሜ፣ በልኩ፣ ለመስኮቱ፤
ሳንቲምም እይዛለሁ፣ ለሊፍቱ።